በድንገት አልሞተችም

«አታንሺው» አሉ ቄስ መዝገቡ።

ስልኩ እፀገነት ጭን ላይ ይንቀጠቀጣል። የምትደውለው ታናሽ እህቷ የሻለም ናት፣ ከኩዌት። ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ይህ ዘጠነኛ ጊዜዋ ነው። ድንኳኑ ውስጥ በእድሩ ወንበር ላይ የተደረደረው ለቀስተኛ ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አባ፣ እህቴ እኮ ናት።»

«እህትሽ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቷታል። በሰው አገር፣ አይዞሽ የሚላት በሌለበት ይህን ብትሰማ ምን ይውጣታል? ስትመጣ እዚሁ በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ እናትሽ ጠበል እንደሄደች ናት።»

ቄስ መዝገቡ የሟቿ የየትምወርቅ ታላቅ ወንድም ናቸው። በዚህ ቤተሰብ እርሳቸው ያሉት ይፈጸማል እንጂ ክርክር አይነሳበትም። እፀገነትም በሠላሳ አንድ ዓመቷ አንድ ቀን ተከራክራቸው አታውቅም። ዛሬ የእናቷ ሠልስት ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንባ አልወጣ ብሏት ንዴት ብቻ ደረቷ ላይ ተቀምጧል።

ከደጎሎ በሚኒባስ የመጡ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ያንሾካሹካሉ።

«መቼም ድንገት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳትተኛ።»

«የሰው ዓይን ነዋ። ልጆቿ ውጭ አገር ሄዱላት ብሎ ያላወራ ማን አለ።»

ድንገት። እፀገነት ይህን ቃል ከሰኞ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እንጃ። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ስትሠራ ስምንት ዓመቷ ነው። የእናቷን ሞት ጠዋት ጠዋት በደም ግፊት መለኪያ ክንዷን እያሰረች ስትለካው ኖራለች።

ወንድሟ ደሳለው ሳውዲ ከሚሠራው ሕንፃ ላይ ወድቆ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ወሬው የመጣው አብሮት ይሠራ ከነበረው ከጎረቤታቸው ከአህመዲን ልጅ ነው። ቄስ መዝገቡ ዘመድ ሰበሰቡና «ለየትምወርቅ እንዳይነገር፤ ፋሲካ ይለፍ» አሉ። ልጅሽ ታስሯል፣ እስር ቤት ስልክ አይፈቀድም ተባለች። ፋሲካ አለፈ፤ «ክረምቱ ይውጣ» አሉ። ክረምቱም ወጣ። በመጨረሻ የየትምወርቅ ደም ግፊት ወጣና «እሱ ሲወርድላት እንነግራታለን» ተባለ።

በምን ተአምር ይውረድ? ሰው ሲደነግጥ አንጎሉ ከኩላሊት በላይ ለተቀመጡ ሁለት እጢዎች ትእዛዝ ይልካል። አድሬናሊን ልብን ያስጋልባል። ኮርቲሶል ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ወደ ደም ያስለቅቃል። ከጅብ ለማምለጥ ከእነዚህ ሆርሞኖች የሚሻል የለም፤ ጅቡ ሲሄድ ግን መብረድ አለባቸው። የየትምወርቅ ጅብ ሁለት ዓመት ከደጇ አልሄደም። ይህን ሁሉ እፀገነት ኮሌጅ ተምራዋለች፤ ፈተናውንም ዘጠና ሁለት አግኝታበታለች። ምን ያደርጋል።

መጀመሪያ የእናቷ እንቅልፍ ሄደ። ቀጥሎ ስኳሯ ወጣ፤ ክንድና እግሯ ሲመነምን ሆዷ ብቻ ቀረ። ሽንኩርት ስትከትፍ የቆረጠችው ጣቷ ወር ሙሉ አልድን አለ። ከዚያ መርሳት መጣ፤ ጨው ያስቀመጠችበት ይጠፋታል፣ ጾም መግባቱን ትረሳለች። እየበዛ የኖረ ኮርቲሶል አዲስ ነገር የሚይዘውን የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ ፍርሃት የሚጠብቀውን ግን ጭራሽ ያነቃዋል። የትምወርቅ ጨው የት እንዳለ ረስታ የደሳለውን የመጨረሻ ስልክ ቀን፣ ሰዓቱን ሳይቀር ትናገር ነበር።

ስልኩ ዝም ካለ በኋላ የድምፅ መልእክት ገባ። እፀገነት ተነስታ ከድንኳኑ ኋላ፣ አጥሩ ሥር ቆማ አዳመጠችው።

«እታለም፣ የእማዬን ድምፅ ካልሰማሁ ሦስት ቀኔ። ጠበል ሄደች አላችሁኝ። ልቤ እየዘለለ ትናንት ልብስ ስተኩስ እጄን አቃጠልኩት። እህል አይወርድልኝም፣ እንቅልፍ የለኝም። ደሳለው ታስሯል ብለን እማዬን ስንዋሻት እኮ እኔም ነበርኩ። እንዴት እንደምንዋሽ አውቀዋለሁ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እኔንም እንደሷ አታድርጉኝ።»

እፀገነት አጥሩን ያዘች።

በዚህ አገር መርዶ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ መጥቶ ያንኳኳል። የትምወርቅ ይህን ስለምታውቅ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነቅታ በሩ ሥር ትቀመጥ ነበር። እፀገነት ከአዳር ተረኝነት ተመልሳ ስታንኳኳ «ማነው?» አትላትም።

«ብቻሽን ነሽ?» ነው የምትላት።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማዬ።»

መቀርቀሪያው የሚሳበው ያኔ ነው። እፀገነት ገብታ ክንዷን ታስራለች፤ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። መድኃኒት ትሰጣትና «ደሳለው ሰላም ብሎሻል፣ አንድ የተፈታ ልጅ ነገረኝ» ትላለች። ኪኒኑን የሚሰጠው እጅና ውሸቱን የሚያወራው አፍ የአንድ ሰው ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ከኪዳን የምትመለሰውን ጎረቤታቸውን አልታዬን አገኘቻት። እያወሩ አብረው መጡ። አንኳኳች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«አይ፣ ከእትዬ አልታዬ ጋር ነኝ» አለች እፀገነት፤ ሌሊቱን ስታዋልድ አድራ ደክሟት፣ ምንም ሳታስብ።

ከበሩ ኋላ የሆነ ነገር ወደቀ። በሩን ገንጥለው ሲገቡ የየትምወርቅ አፍ ወደ ግራ ተጣሞ ነበር፤ ጤና ጣቢያ እንኳ አልደረሰችም።

እፀገነት ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች።

«አባ፣ እማዬን ምን እንደገደላት ልንገርዎት?»

«ቀኗ ደርሶ ነዋ፣ ልጄ።»

«ቀኗ አይደለም። እኛ ነን።»

ሰዉ ንፍሮ ማላመጡን አቆመ።

«ደሳለው የሞተ ጊዜ ብንነግራት ታለቅስ ነበር፣ ደረቷን ትደቃ ነበር። አርባውን ታወጣለች፣ ሙት ዓመቱን ታወጣለች። ሐዘን ይበርዳል፣ አባ። ፍርሃት ግን አልበረደላትም። በየጠዋቱ ለካሁት። እየለካሁ ዝም አልኩ።»

«እኔ ለክፋት ብዬ ነው?» የቄስ መዝገቡ ድምፅ ተሰበረ። «ያለችኝ አንድ እህት ናት። እንዳትሞትብኝ ብዬ።»

«ለክፋት ቢሆን ይሻለን ነበር። ለክፋት ቢሆን እምቢ እልዎት ነበር።»

ከጥግ አህመዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነቷን ነው፣ አባ። በየገበያው ቀን 'ልጅህ ስለ ደሳለው ምን አለ?' ስትለኝ፣ 'አብሽሪ፣ ይፈታል' እያልኩ ኖሬያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። ቄስ መዝገቡ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ስልኩ ጋ ሳይደርስ መለሱት። እፀገነት አነሳችው።

«የሻዬ፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እማዬስ?»

«እሳት ላይ የጣድሽው ነገር ካለ አጥፊው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ በይ።»

ከወዲያ የቧንቧ ውኃ ሲዘጋ ተሰማ። «ተቀመጥኩ።»

«እማዬ ሞታለች። ሰኞ ጠዋት። ዛሬ ሠልስቷ ነው፤ ዘመድ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።»

የየሻለም ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ ድንኳኑን ሞላው፤ ሴቶቹ ተቀብለው አብረዋት አለቀሱ። ቄስ መዝገቡ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። የእፀገነትም እንባ በሦስተኛው ቀን መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ከጎኗ፣ ለሐዘንተኛ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ፣ ትራስ አስደግፋ አስቀመጠችው። ከዚያም የነጠላዋን ግማሽ ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችው።