ያለ ኮት የተነሳ ፎቶ

«ምስኪን፣ ዓይናቸው ሳይበራ ሄዱ» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያደረገችው ለለቅሶ ቤት ወግ ያህል እንጂ ክፍሉ ውስጥ ያልሰማት አልነበረም።

አለቃ የሻይ ትሪ ይዞ ፊቷ ቆሞ ነበር። «ተባረክ የኔ ልጅ» ብላ አንዱን አነሳችና ወደ ጎረቤቷ ዞራ ወሬዋን ቀጠለች። እሱም ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ። «አይተዋል» ቢላት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ሟቹ አጎቱ ነው፤ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊ። «አለቃ» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። አባቱ የሞተበትን ሕፃን ወስዶ ሲያሳድግ፣ ልጁ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተንፈላስሶ «ይኼን ስፋ፣ ያንን ተወው» ማለት ሲያበዛ «እሺ አለቃ» እያለ ይታዘዘው ጀመር። ስሙ በዚያው ቀረ። አለቃ ዛሬ ጎልማሳ ነው፣ ለድርጅቶች ድረ ገጽ እየሠራ ይኖራል፤ ውጭ ሌላ ስም፣ ሌላ ማዕረግ አለው። እዚህ ቤት ግን አለቃ ነው።

አጎቱ ያለ ኮት ከቤት የወጣበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። በሙቀትም ሆነ ጥግ ድረስ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ፣ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ ነው። «እኔ ካልዘነጥኩ ማን ጨርቁን አምኖ ይሰጠኛል?» ይል ነበር። አለቃ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ ሲመጣ ደግሞ መነጽሩን ከፍ ያደርግና፣ «ለመቅደዱ አስከፍለውህ ነው? ብትነግረኝ እኔ በነፃ እቀድልህ ነበር» ይለዋል።

በኋላ የዓይን ሞራ ያዘው። መጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ጠፋበት፤ ቀጥሎ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ተሳነው። ሰው እንዳያውቅበት በዳሰሳ እየሰፋ ቆየ። በመጨረሻ ለአቅመ ደካማ ሽማግሌዎች ቀዶ ሕክምና የሚያሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አሳከመው። ፋሻው የተፈታለት ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ያየው የሚስቱን የቀሚስ ጠርዝ ነው።

«ይኼን ማነው እንዲህ አጣሞ የሰፋው?» አለ።

«አንተ ነህ» አለችው። ነርሷ ሳትቀር እስክታነባ ሳቀች።

አለቃ ድርጅቱን ሊያመሰግን ሄደና ሥራ ይዞ ተመለሰ። ድረ ገጻቸውን አይቶ አላስችል ብሎት ነበር። ከላይ ፊደላት ይሮጣሉ፤ ከሥር የሥራ አስኪያጇ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ማለቂያ የለውም፤ መለገሻው የት እንደተደበቀ ደግሞ የሠራው ሰውም የሚያውቅ አይመስልም። «ሰው ሊሰጣችሁ ሲመጣ መውጫውን ነው የምታሳዩት» አላትና ከዜሮ ጀመረ። የመጀመሪያውን ገጽ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፎቶ እና አንድ ትልቅ «ይለግሱ» አወረደው። ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደሚውል የሚያሳይ ክፍል ጨመረ። የሐኪሞቹን ስም ከነፈቃዳቸው አስገባ። «እዚህ የሚጻፈው ሁሉ ለጋሹ መጥቶ በዓይኑ ቢያይ የሚያገኘው መሆን አለበት» እያለ ሥራ አስኪያጇን ቁም ስቅሏን ያሳያት ነበር። በዚህ ማንም አይወቅሰውም። ፎቶው ላይ እስኪደርስ ልክ ነበር።

«እኔማ ሱሪዬን ወደ እሳቸው ማምጣት ከተውኩ ቆይቻለሁ» አለ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ሻዩን እየተቀበለ። «ያንን ገጽ ካየሁ በኋላ አንጀቴ አልችል አለ። ሰውዬው አያዩም፣ እንዴት አስቸግራቸዋለሁ ብዬ። ሰፈሩም እንደዚያው ነው።»

«የምን ገጽ?» አለች እትዬ፣ የሟቹ ሚስት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኳ መደወልና ማንሳት ብቻ የሚችል ነው።

መምህሩ ደነገጠ። «ኢንተርኔት ላይ ነው... የሚታከሙበት...»

«ታክሟል እኮ። ያይ ነበር። ባለፈው ሳምንት እንኳ ክር ያስገባልኝ እሱ ነው።»

ለቀስተኞቹ ተያዩ። ሐዘን የሚያናግራት መሰላቸው። አንዷ ጉልበቷን ዳበስ አድርጋ «አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። እትዬ በክፍሉ ውስጥ የሚያምናት ሰው ፈለገች። ዓይኗ አለቃ ላይ አረፈ፤ እሱ መቼም ምስክሯ ነው። አለቃ አጎንብሶ ባዶ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረ። ወጥ ቤት ገብቶ የታጠበውን ብርጭቆ ደግሞ አጠበው። አፈረ፤ በራሱ አፈረ።

ገጹ ሊከፈት ሲል ነው ፎቶ ያጣው። ሕክምና የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ሩቅ ናቸው፤ ሄዶ ማንሳት ጊዜ ይፈጃል፣ እሱ ደግሞ ለሥራ አስኪያጇ ቀን ቆርጦላታል። ካሜራውን አንግቶ ወደ አጎቱ ሱቅ መጣ። ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ከልጅነቱ ያውቀዋል። አጎቱ ከዳነ ወራት አልፈው ነበር። የአንድ ሙሽራ ሱፍ ሰፍቶ ሊጨርስ ደርሶ፣ ከኋላው ሰቅሎታል።

«ጋሼ፣ ኮትህን አውልቅልኝ።»

«ያለ ኮት? ደንበኛ ቢገባስ?»

«ለአፍታ ነው። ፀጉርህንም ትንሽ በተን አድርገው።»

«ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ያበጥራል፣ አንተ ታስበትናለህ» አለ አጎቱ፣ እየበተነ። «የት ልይ?»

«እኔን። ግን እንደማታየኝ ሆነህ።»

አጎቱ ሳቀ። «አንተን እያየሁ እንዴት አድርጌ ነው የማላይህ?»

«ሞክር በቃ።»

«እሺ አለቃ።»

ሞከረ። አለቃ ሥራ አስኪያጇን ከሕክምናው በፊት የተነሳ ነው አላት። ከፎቶው ሥር «እኚህ አባት ብርሃን ይጠብቃሉ» ተባለ፤ ልገሳውም ጎረፈ። ሥራ አስኪያጇ ደውላ በደስታ አለቀሰች። በዚያ ገንዘብ ሰው ዳነ፣ ይኼ አይካድም። አለቃም ሕሊናው በጎረበጠው ቁጥር ይህንኑ እያነሳ ያባብለው ነበር።

እዚህ ሰፈር ግን ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶውን አየ። አስቀድሞ የሙሽራው እናት መጥታ፣ ያለቀ የደቀቀውን ሱፍ አገላብጣ አይታ፣ ሳታስለካ ይዛው ሄደች። ቀጥሎ ሌሎቹ ቀሩ። በክፋት ቢሆን አጎቱ መልስ አያጣም ነበር፤ በርኅራኄ ሆነበት። አንድ ቀን የቆየች ደንበኛው ገብታ፣ የታጠፈ ገንዘብ ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣ፣ ጨርቅ ሳትሰጠው ወጣች። አጎቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገድ ድረስ ተከተላት።

«እመቤቴ፣ ልብሱስ? ልብሱን ረስተዋል!»

ሴትዮዋ እንባ ባቀረረ ዓይን ዞራ «ይያዙት አባቴ» አለችው፤ መንገዱን እንዳይስትም ክንዱን ይዛ እስከ በሩ መለሰችው።

ያን ዕለት ለአለቃ ደወለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ያቺን ፎቶ አውርድልኝ እስቲ። ሰው ዕውር አደረገኝ እኮ» አለ፣ በሳቅ ሊያሳልፈው እየሞከረ።

«እሺ ጋሼ፣ ይኼ ዘመቻ ይለቅና።»

ዘመቻው አለቀና ሌላ ተተካ። አጎቱ ሥራ ሲፈታ ጊዜ ለአለቃ ኮት መስፋት ጀመረ፤ «ሌላ የሚሰጠኝ የለም፣ ያንተን ልስፋ» ብሎ። መጨረሻ የደወለው ቁልፍ ስለመምረጥ ሊጠይቀው ነበር። ሊዘጋ ሲል «አለች እንዴ እስካሁን ያቺ ፎቶ?» አለው። አለቃ «ነገ» አለ። በማግስቱ የአጎቱ ልብ፣ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለ፣ ድንገት ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇም ለቅሶ መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ሰፊ ነገር በሁለት እጇ ታቅፋለች። ለእትዬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና፣ «በእሳቸው ምክንያት ስንቱ ዓይኑ በራ መሰለዎት። ድርጅታችን ባለውለታቸው ነው፤ ማስታወሻ ይሁንዎት ብለን ነው» አለቻት።

አለቃ ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማ። ምን እንዳለበት ሳያይ አወቀ።

እትዬ በመስታወት የተሸፈነውን ፎቶ ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው።

«ኮቱስ?» አለች።

ማንም አልገባውም።

«ኮቱን ማን አስወለቀው? ፀጉሩስ ምን ሆኖ ነው? መቼ ነው ይኼ?»

«ከሕክምናው በፊት ነው እናቴ» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ በለሆሳስ።

«አይደለም።» እትዬ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «ይኼ ከኋላው የተሰቀለው የሙሽራው ሱፍ ነው። ከዳነ በኋላ ነው የሰፋው። እናትየው መጥታ ስትወስድበት ምሳ አልበላም አለኝ፣ ለምን እንደወሰደችበት ግን አልነግር አለኝ።» ቀና አለች። «ማነው ለሰው አያይም ብሎ የተናገረበት?»

አለቃ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ።

በሩ አጠገብ ያለችው ሴት ሳትቀር ሻይዋን መጠጣት ተወች።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ኮቱን ያስወለቅኩትም እኔ። ጋሼ ያይ ነበር። እንደማያይ ሁን ብዬው ነው። አውርደው አለኝ፣ ነገ እያልኩ...»

«ከሕክምናው በፊት ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ዋሽቼ ነው።»

መምህሩ ሱሪውን፣ ሌላ ሰው ያሳጠረለትን ሱሪ፣ አቀርቅሮ ያይ ጀመር። እትዬ አልጮኸችም። ፎቶውን ወደ አለቃ አዞረችው።

«ደግሞ እኮ የማያይ ሰው ዓይን አይደለም» አለች። «ምኑን ነው ሰዉ ያየው? አንተን እያየ ነው። አንተ በዚያ በር በገባህ ቁጥር እንዲህ ነበር የሚያይህ።»

በጥፊ ብትመታው ይቀለው ነበር። ይህን ፊት ለወራት ስክሪን ላይ ሲያሳንሰው፣ ሲያተልቀው፣ ሲያደበዝዘው ኖሯል። ለጋሾች ልመና ያዩበት፣ እሱም ሥራ ያየበት ዓይን ውስጥ የነበረው ፍቅር ነው፤ «እሺ አለቃ» የሚል የአሳዳጊ ፍቅር።

ለቀስተኛው ሲሳሳ አለቃ ሱቁ ውስጥ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፈተ። ሥራ አስኪያጇ ከኋላው ቆማለች። ፎቶውን አጠፋ። በቦታው እንዲህ ጻፈ፦ «እዚህ የነበረው ፎቶ እውነት አልነበረም። እኚህ አባት በለጋሾች እርዳታ ቀድመው ድነው ነበር፤ ፎቶውን ሲነሱ እያዩ ሱፍ ይሰፉ ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀናቸውም አይተው ሰፍተዋል። የዋሸው ፎቶ አንሺው ነው።»

«ስንት ለጋሽ እንደሚሸሸን ታውቃለህ?» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

«አውቃለሁ።»

ደግማ አነበበችው። ልትቆጣም ልታለቅስም የፈለገች ትመስላለች። «አውጣው» አለች በመጨረሻ። «ነገ ቢሮ ና። ከኛ ጋር መቀጠል አለመቀጠልህን አሁን አልነግርህም።» ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አለቃ ለጥፎት ላፕቶፑን ዘጋ። ቀለል ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፣ አልቀለለውም። አውርድልኝ ያለው ሰው አያየውም።

እትዬ ገባች። ክንዷ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ደርባለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስፌቱ ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ጥቁር ክር ጥቁር በሚመስል ጨርቅ ላይ፣ እንከን የለውም። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በእጅ ተከፍፈዋል። ቁልፎቹ ብቻ አልተተከሉም።

«ያንተ ነው» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ ይኼን...»

«ልበሰው አላልኩህም። ቁልፍ የሌለው ኮት ግን እዚህ ቤት አያድርም፤ እሱ አይወድም።» መርፌና ክር አቀበለችው። «በል አስገባልኝ። እኔ አይታየኝም። እሱ ነበር የሚያስገባልኝ።»

አለቃ መርፌውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አጎቱ ያለ ኮት የተቀመጠበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ብርሃኑ ያው ነው። የክሩን ጫፍ በከንፈሩ አረጠበ፤ ልጅ ሳለ ሲያይ እንዳደገው። መርፌውን ከፍ አደረገ። ቀዳዳዋ ጠፋችበት። እንባው ሞልቶ መርፌውም፣ ክሩም፣ መስኮቱም አንድ ላይ ሟሟ።

እትዬ ቁልፎቹን በመዳፏ ይዛ ጠበቀችው።

ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ክሩን እንደገና አረጠበ።