ክር የተለጠፈበት እንጨት

«ይህንንስ ወደዚያ መልሽው» አሉ አቶ ውዱ፣ ምራታቸው ከቤት ይዛው የወጣችውን እንጨት ገና ከሩቅ ሲያዩት።

ዘውድነሽ አልመለሰችውም። መቆም ራሱ ታክቷት ስለነበር ዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀመጠችና እንጨቱን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ባሏ ደርበው አዲስ አበባ በተስቦ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ዳንግላ የደረሰው መርዶው ብቻ ነው። አስከሬን ከሌለ የሚለቀሰው በሟች ዕቃ ነውና ነገ፣ በሠልስቱ፣ ፈረስ ተጭኖ ጠመንጃ ተይዞ ሜዳው ሊዞር ነው። ፈረሱም ጠመንጃውም ግን የአባትየው ናቸው። ደርበው በዕድሜው ተኩሶ አያውቅም።

የእሱ ዕቃ ይህ ነበር፤ ክንድ የሚያህል፣ ፊቱ ሰፋ ኋላው ሾጠጥ ያለ፣ አንድ ጫፋቸው ብቻ የተለጠፈ ነጫጭ የሐር ክሮች ያሉበት የአውሮፕላን ሞተር ሽፋን አምሳያ። ለሥልጠና በተላከበት አገር በእጁ የጠረበው ነው። አቶ ውዱ ልጃቸው እንጨት ሲጠርብና ብረት ሲቀጠቅጥ እንደሚውል ከሰሙ ወዲህ አፍረውበታል። በዘራቸው ቀጥቃጭ የለም። ሰው ሲጠይቃቸው ጃንሆይ ልከውት ነው ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

ጎረቤቷ እናትነሽ ጠጋ ብላ፣ ተይ ከሽማግሌ ጋር አትሟገች፣ ሠልስቱ በሰላም ይለፍ አለቻት። ዘውድነሽም መሟገት አልፈለገችም። መተኛት ነበር የፈለገችው።

«አባየ» አለች። «በፈረሱ ብናለቅስ የምናለቅሰው እሱን አይደለም።»

ደርበው ያወራላትንም አወራችላቸው። እዚያ አገር ነፋስ በትልቅ ማራገቢያ የሚነዳበት፣ ዋሻ የመሰለ ረጅም ቤት አለ። ባለ ውልብልቢቱ ትልቅ አውሮፕላን ከመሠራቱ በፊት የሞተሩ ሽፋን በትንሹ ተጠርቦ እዚያ ይሰቀላል። ነፋሱ ሲለቀቅ ክሩ ከተኛ ቅርጹ መልካም ነው። ከተንቀጠቀጠ እንደገና ይጠረባል። አሠልጣኞቹ ይህን መጀመሪያ ሲያሳዩት ደርበው ሳቀ፤ ምን አሳቀህ አሉት።

«‹አባቴ አውድማ ላይ ገለባ በትኖ ነፋሱን ሲያይ ነው ያደግሁ› አላቸው» አለች ዘውድነሽ። «እርስዎን ነው ያስታወሰው።»

አቶ ውዱ ተነሥተው ቤት ገቡ።

በማግስቱ ፈረሱ ሳይጫን ቀረ። ለቀስተኛው ሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ሲጠብቅ አቶ ውዱ እንጨቱን ታቅፈው መጡ። መካከል ላይ ቆሙና ከመሬት ቁንጥር ገለባ አንሥተው በተኑ፤ የሄደበትንም አዩ። ከዚያ የእንጨቱን ሰፊ ጫፍ ወደ ነፋሱ አዞሩት። ክሮቹ ተኙ። ወደ ጭራው ያለችው አንዷ ብቻ ትንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ውዱ በአውራ ጣታቸው ያዟት፤ ለቅሶው እስኪያበቃም ጣታቸውን አላነሡም።