ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ከኮረብታው ጀርባ

መንገዳችን የተዘረጋው ልክ በኮረብታው አናት ላይ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው የሳምንቱን የአየር ጠባይ ሲናገር ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ያለነው «የሐይቁ ዳርቻ» የሚለውን እንሰማለን፣ በቀኝ ያሉት «የኮረብታው ጀርባ» የሚለውን። ማን እንዲህ ብሎ እንደከፈለን አይታወቅም፤ ግን የማዶውን ትንበያ አምኖ ልብስ ያሰጣ ሰው እስካሁን አልታየም። እኔ በግራ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጡረታ የወጣው ርዕሰ መምህር፣ ፊት ለፊቴ በቀኝ።

እሑድ ምሳ ላይ እሱ ቤት ተሰብስበን ሬዲዮው ተከፈተ። የሐይቁ ዳርቻ፦ ሳምንቱን ሙሉ የጠራ ሰማይ፣ ኃይለኛ የበጋ ሙቀት። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። የኮረብታው ጀርባ፦ እስከ ማክሰኞ ቀትር ፀሐይ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነጎድጓድ፣ ብርቱ ነፋስ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ።

የወንድሜ ልጅ ማንኪያዋን ጣለች። የቤታቸውን የፊት ክፍል ስፌት ቤት ልታደርገው ነው፤ ማሽኖቹ ሐሙስ ይገባሉ። ጣሪያው ደግሞ ወንፊት ነው።

«እንግዲህ መክፈቻውን ማስተላለፍ ነው» አለ ወንድሜ። «ዝናቡ ይለፍና ባለሙያ እንጠራለን።»

ባለሙያ! ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ ላይ የኖርኩት ሰውዬ አጠገቡ ተቀምጬ! የእናታችን ቤት ሲታደስም እንዲሁ ነበር። ዲፕሎማ ያለው ሰው ጠራና እኔን «አንተ የዶሮውን ቤት ክደን» አለኝ፣ በሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ ስሜ «ዶሮ ቤት» ሆኖ ቀረ። እነሱ ይስቃሉ። እኔ ያኔም አልሳቅሁ፣ ዛሬም አልስቅም።

«ነገ ጠዋት አፈርሰዋለሁ። ማክሰኞ ዝናቡ ሳይመጣ እገጥመዋለሁ» አልኩ። የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ዝናቡ ቢቀድምህስ? ሜዳ ላይ ልታስቀረኝ ነው?»

«አጎቴ ይችላል!» ልጅቷ ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ ሞቼልህ፣ እሺ በል!»

ወንድሜ ትክ ብሎ አየኝ። «ካቃተህ ግን ዳግመኛ መሰላልህን እዚህ ግቢ እንዳላይ።»

ሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። የዛገውን ቆርቆሮ እየነቀልኩ ወደ ግቢው ስወረውር ሰፈሩ ተናጋ። ባለቤቴ ምስማር ታቀብላለች፤ ልጅቷ አዲሱን ቆርቆሮ በገመድ ታስራለች፤ እኔ ወደ ላይ እስባለሁ። የበሰበሰውን እንጨት ቀየርኩ። ያ ሁሉ ደስታ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ መዶሻው እጄ ላይ ክብደት አልነበረውም። ወንድሜ ታች ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀና ብሎ የሚያየው ሰማዩን እንጂ እኔን አይደለም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ልጅቷ መንገድ ዳር ቆማ ትጮህ ጀመር።

«አጎቴ! ከኮረብታው ጀርባ ጠቆረ!»

«የሐይቁስ?»

«የሐይቁ ፀሐይ ነው!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል? እኔ የሐይቁ ወገን ነኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ያለኸው በቀኝ ነው፤ መዶሻህን አንሳ!» አለች ባለቤቴ።

የቀሩት የጫፉ ቆርቆሮዎች ነበሩ፣ ልክ ከስፌት ቤቱ በላይ። ነፋሱ ሳይታሰብ መጣ። በዚህ በኩል ስመታ በዚያ በኩል ይነሳል፤ በጉልበቴ ስጫነው እኔኑ ይዞኝ ሊሄድ ይቃጣዋል።

«የሚጫንልኝ ሰው! ሰው ላኩልኝ!»

መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ልጅቷ መስላኝ ዞር ስል የወንድሜ ራሰ በራ ብቅ አለ። ይህ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል አይቀይርም። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«የት ልሁን?»

«ተኛበት!»

«በነጭ ሸሚዜ?»

«በሆድህ! ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የቀለብከው ለዛሬ ነው!»

ዓይኑን ጨፍኖ ተዘረጋበት። ቆርቆሮው ጸጥ አለ። ዙሪያውን ምስማር እየመታሁ ዞርኩት።

«አንተ፣ እኔንም አብረህ እንዳትቸነክረኝ!»

«አትንቀሳቀስ! ዶሮ ቤት ሲሠራ ዶሮው ዝም ይላል!»

ታች ሁለቱ ሴቶች በሳቅ ሊሞቱ ነው። የመጨረሻው ምስማር ሲገባ የመጀመሪያው በረዶ መዶሻዬ ላይ ነጠረ።

መሬት ከመርገጣችን በረዶውን አወረደው። አራታችን ስፌት ቤቱ ውስጥ ቆመን አንጋጠጥን። ጆሮ አያሰማም። ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ ከጥግ እስከ ጥግ ጠብታ ፈለገች። አጣች። ከዚያ እየጮኸች ትዘል ጀመር። እኔም፣ ምን አፍራለሁ፣ ዘለልኩ።

ወንድሜ የቆርቆሮው መስመር ሸሚዙ ላይ ታትሞበት ስልኩን አነሳ። ለካ ባለ ዲፕሎማውን አስቀድሞ ቀጥሮት ኖሯል። «አያስፈልግም፣ ሰው አግኝተናል» አለው። «ሰው» አለ። «ወንድሜ» አላለም። ይህችንም ልቤ ውስጥ አኑሬያታለሁ።

በመስኮቱ ሳይ በረዶው መንገዱን ተሻግሮ እኛ ቤት ላይም ይወርዳል። ልብሳችን ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ነው።

«ያንተ ቤት ጣሪያ ያፈስ የለም እንዴ?» አለኝ ወንድሜ።

«የእኛ ወገን ፀሐይ ነው» አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ስቆ እኔም ሳቅሁ። ሲያባራ መሰላሌን ተሸክሜ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘኝ።

«ተወው» አለ። «እዚሁ ግቢ ይቀመጥ።»