የታንኩ መስኮት

ሕሩይ የካ ሚካኤል አጠገብ ባለው ብየዳ ቤቱ፣ ከእንጦጦ የሚመጣው የባሕር ዛፍ ምሰሶ እንዳይነቅዝ መድኃኒት በግፊት የሚጠጣበትን ታንክ ሠራ። መመልከቻ መስኮቱ ላይ የቤት መስታወት ሊገጥም ሲል የሥራ ባልደረባው መሐንዲስ ሰገነት ከለከለችው።

«መስታወት ግፊቱን አይችልም። ያዘዝነው ወፍራም የፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ እስኪመጣ እንጠብቅ።»

«ለሙከራ ብቻ ነው፤ ግፊቱን ዝቅ አደርገዋለሁ» አላት።

በሙከራው ቀን መስታወቱ ሲሰነጠቅ ያየችው እሷ ነበረች። ግፊቱን ልታስተነፍስ ወደ ቫልቩ ሮጠች፤ አልደረሰችም። ስብርባሪው ሁለቱንም ዓይኖቿን አጠፋቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ሄዶ «ፖሊካርቦኔቱ መጣ» አላት።

«ጠርዙ ላይ ስንጥቅ እንዳይኖር በጣትህ ዳብሰው» አለችው።

ሕሩይ ማልቀሱን እንዳትሰማ አፉን በእጁ ያዘ።