ሰባት ጭስ

በወረዳው ጽሕፈት ቤት «ዝንፍ አይል» ይሉታል። ሲያሾፉበትም ነው፣ ሲያመሰግኑትም። ሥራው በየአምስት ዓመቱ የወረዳውን መጽሐፍ ማዘጋጀት ነው፤ ወንዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ የትኛው መሬት ምን እንደሚያበቅል፣ ከተሞቹ መቼ እንደተቆረቆሩ፣ የትኛው መንደር ስንት አባወራ እንዳለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁጥሩን ያረመው ሰው የለም።

ሌላውን ሁሉ በእግሩ ዞሮ ይቆጥራል። አንዱን መንደር ግን ከአውቶቡስ ሳይወርድ፣ ማለዳ በመስኮት አይቶ ነው የሚቆጥረው፤ ስንት ጣሪያ ጨሰ ብሎ። የድሮ ቆጣሪዎችም እንዲህ ያደርጉ ስለነበር ሕሊናው አልቆረቆረውም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መንደሩ የተወለደበት ነው። አባቱን ቀብሮ ቤቱን ከቆለፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ብቅ እላለሁ ብሎ ዛሬ ነገ ሲል ቆየ፣ ሲቆይ ደግሞ አፈረ።

ዘንድሮ አዲሱ አለቃ መጡና፣ «ከአምስት ቤት በታች መንደር አይባልም፣ ከመጽሐፉ ይወጣል። አውቶቡስም የሚቆመው መጽሐፉ ውስጥ ላለ ብቻ ነው። የየአባወራውን ፊርማ ይዘህ ና» አሉት።

«ሰባት ቤት ነው፣ ችግር የለም» ብሎ ወጣ።

መንደሩ ሲደርስ የመጀመሪያው ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሳት ይነዳል፣ ሰው የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው በር ላይ በአሮጌ መጥበሻ ፍም ይዘው ሲወጡ ያገኛቸው እሱን ራሱን ያዋለዱት ባልቴት ናቸው።

«እማማ፣ ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?» ሳቁ። «አንዱ ልጁ ጋ ሄደ፣ አንዱ ከተማ ገባ፣ አንዱ አፈር ገባ። ስድስቱም ቁልፋቸውን አደራ ብለውኛል። ጭስ ያጣ ጣሪያ ደግሞ ምስጥ ነው የሚጨርሰው። እየዞርኩ አነድላቸዋለሁ፤ የኔም ጠዋት በዚያው ያልፍልኛል።» ከዚያ ትክ ብለው አዩት። «ያባትህ ቤት ብቻ ነው የማይጨሰው። ቁልፉን ይዘኸው ጠፋህ።»

ቁልፉ ከቢሮው ቁልፍ ጋር ባንድ ቀለበት አሥራ አንድ ዓመት ሲንቀጫቀጭ ኖሯል። አውጥቶ ሰጣቸው። በሩን ራሱ ለመክፈት ግን ወኔ አጣ።

የአለቃውን ትእዛዝ ሲነግራቸው፣ ባልቴቷ ቅጹ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ልጄ፣ አውቶቡሱን ብቻ እንዳያስቀሩብኝ። አንዳቸው የመጡ እንደሆነ በምን ይወርዳሉ?» አሉት።

«እሺ እማማ።»

እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ቢሮ ገብቶ ቅጹን ሲዘረጋ ነው የከበደው። የስድስቱን ጎረቤቶች ስም ከነአያታቸው ያውቀዋል። የራሱን አውራ ጣት ስድስት ጊዜ ቢያሳርፍ ማንም አይነቃበትም ነበር። ቀለሙን ከፈተ፣ ጣቱን ነከረ፣ ብዙ ቆየና በጨርቅ ጠረገው። ሠላሳ ዓመት ዝንፍ ያላለ እጅ ማጭበርበርን በእርጅናው ከየት ይልመደው? «አንድ» ብሎ ጻፈ። ማታ የኪራይ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አለቀሰ።

መጽሐፉ ታተመ፤ ሽፋኑም አማረ ተባለ።

ከወራት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ማዶው ከተማ ሲሄድ፣ ማለዳ ላይ፣ እንደ ልማዱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ጭሱ ከሩቅ ታየው። አመል ነውና ቆጠረ። ሰባት አልሆነለትም። ዓይኑን አሻሽቶ እንደገና ቆጠረ። ስምንት ነው። ስምንተኛው የሚወጣው ከአባቱ ጣሪያ ነው።

ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ሾፌሩ እየተንገዳገደ ሄደ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አውርደኝ። ቤቴ ነው።»

ሾፌሩ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ መንደር የለም» አለው። «መጽሐፉን አላዩትም?»