የቃልኪዳን ቋንቋ

ሮማንወርቅ ልጅ ታቅፋ ለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ መውጫ በር ላይ ብቅ ስትል የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ እልልታውን አቀለጡት። አንዷ አበባ ይዛለች፤ ሌላዋ ከራሷ የሚበልጥ ፊኛ። ልጅቷ ቃልኪዳን ትባላለች፤ ዕድሜዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ፊኛውን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ አለቀሰች።

«ደክሟት ነው» አለ ባሏ ዳኛቸው፣ ሻንጣ የተከመረበትን ጋሪ እየገፋ።

«ብርዱ ነው እንጂ» አለች አበባ የያዘችው።

ሮማንወርቅ ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት። አርባዎቹን አጋምሳለች። ከዳኛቸው ጋር ከተጋቡ ወዲህ ሐኪም ቤት ያልተመላለሰችበት ዓመት የለም፤ ያረገዘችውም አልጸናላትም። ጉዲፈቻ ለማሳደግ አፕላይ ካደረጉ በኋላም ቤታቸውን፣ ጤናቸውንና ትዳራቸውን የሚመረምር ሰው ሲገባ ሲወጣ ስንት ጊዜ አለፈ። አሁን ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ናት። ትከብዳለች፣ ትሞቃለች፣ ጆሮዋ ሥር ትጮኻለች። ሮማንወርቅ ጩኸቱን ሳይቀር ወደደችው።

ያኔ ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት አላቆመችም ነበር። ቃልኪዳን የተወለደችው ወላይታ ሶዶ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። እናቷ በወሊድ ሞተችባት። አያቷ ጥቂት ወራት እንደ ምንም ብለው ካቆዩዋት በኋላ አቅም ሲያንሳቸው ሶዶ ላለ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰጧት። ሮማንወርቅና ዳኛቸው እዚያ ድረስ ሄደው ነው ያዩዋት። ሞግዚቶቹ በሳቅ ተቀበሏቸው፣ በአማርኛ አጫወቷቸው፣ ልጅቷንም አምጥተው ሮማንወርቅ ጭን ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ፍርድ ቤት፣ ቪዛ። በመጨረሻም ለንደን ሆሎዌይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሚያከራየው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳዋ አዲስ ቢጫ ቀለም የተቀባች ትንሽ ክፍል።

ዳኛቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሮማንወርቅ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበርና ለልጅቷ ብላ ረጅም ፈቃድ ወሰደች። ቀኑን ሙሉ አብረው ናቸው። ግን አልተገናኙም። «ነይ እማዬ ጋ» ስትላት ቃልኪዳን ዝም ብላ ታያታለች። ስሟን ሲጠሯት አንዳንዴ ትዞራለች፣ አንዳንዴ አትዞርም። ስታለቅስ ደግሞ እንደ ሌሎች ልጆች ወደ ሰው አትሮጥም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ግንባሯን ቢጫው ቀለም ላይ አስደግፋ ነው የምታለቅሰው። ሮማንወርቅ አንጀቷን የበላት ይሄ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳኛቸው ሳህን እያጠበ ሳለ ልጅቷ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመችና ጥርት አድርጋ፣ «ማታ» አለች።

ዳኛቸው ሳህኑን ጣለው። «ሮሚ! ሰማሻት? ማታ አለች! አማርኛ ተናገረች እኮ!»

«ማታ?»

«ማታ!» አለች ልጅቷ፣ ጮክ ብላ።

«እንቅልፏ መጥቶ ነው» አለች ሮማንወርቅ፤ እንባዋ መጣ። መጋረጃውን ዘጉ፣ መብራቱን አጠፉ፣ ፒጃማ አልብሰው አልጋዋ ውስጥ አስተኟት። ቃልኪዳን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። በማግስቱም «ማታ» አለች፤ በማግስቱም መጋረጃው ተዘጋ፤ በማግስቱም ጩኸቱ ቤቱን አናጋው። ዳኛቸው ለእናቱ ስልክ ደውሎ ልጄ በአማርኛ አፏን ፈታች ብሎ ነገራቸው። የምትጮኽበትን ምክንያት ግን ሊነግራቸው አልቻለም።

ለክትትል የምትመጣው ነርስ ጆሮዋ ይመርመር አለች። ተመረመረ፤ ደህና ነው። ዓመት ካለፋት ወተቱን ጠዋት ብቻ አድርጉትና ምግብ አስለምዷት አለቻቸው፤ እነሱም የተባሉትን አደረጉ። ቀጥሎ ሶሻል ወርከሯ መጣች። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን እስኪያጸድቅላቸው ድረስ እየመጣች የምታያቸው እሷ ናት። ሻይ ጠጣች፤ ልጅቷ ጥግ ይዛ ስትጫወት ለብዙ ደቂቃ ተመለከተቻት።

«ካንቺ ጋር እየተላመደች ይመስልሻል?» አለቻት በመጨረሻ።

«ጊዜ ይፈልጋል» አለች ሮማንወርቅ።

ሶሻል ወርከሯ ደግ ሴት ነበረች፤ እጇን ያዝ አድርጋት ወጣች። ሮማንወርቅ ግን በሩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተችና ልቅሶዋን ለቀቀችው። ልጅቷን የሚወስዱባት መሰላት።

ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ዘውዲ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ከሆስፒታል ሥራ ጡረታ የወጡ። የልጅቷ ጩኸት በየቀኑ ወለል ሰንጥቆ ይደርሳቸው ነበርና አንድ ቀን የምስር ሾርባ በድስት ይዘው በሚያማቸው ጉልበት ደረጃውን ወጡት። ተቀመጡ። ሮማንወርቅ ልጅቷን ነይ ብዪ፣ አታልቅሺ፣ ይኸው ሾርባ ስትላት ሲያዩ ቆዩ።

«ሮማን ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺ ልጅ የምትዪውን አትሰማም።»

«ጆሮዋ ደህና ነው ተባለ እኮ፣ እትዬ ዘውዲ።»

«ጆሮዋንማ ማን አማው። እኔ አስመራ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን አስተማሪዋ በአማርኛ ተቀመጪ አለችኝ። አልገባኝም፤ ቆምኩ። ጮኸችብኝ፤ ቆምኩ። ቀጥሎ ሽንቴ መጣ። ልውጣ በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ከየት ልወቀው? እዚያው እንደቆምኩ ለቀቅኩት። እናቴን ጠርተው ልጅሽ ደንቆሮ ናት አሏት።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ይቺንም ሳያት ያኔ የነበርኩት ልጅ ናት ትዝ የምትለኝ።»

«እሷ ግን ሕፃን ናት። ሕፃን ምን ቋንቋ አለው ብለው ነው?»

«ሞግዚቶቿ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ በምን ነበር የሚያወሩት?»

ሮማንወርቅ የሾርባውን ማንኪያ አስቀመጠች። ከእሷ ጋር በአማርኛ ነበር። ዘወር ሲሉ ግን፣ ልጆቹን ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ እሹሩሩ ሲሉ፣ ያ ሁሉ ጆሮዋ ሥር አልፎ ነበር እንጂ አላዳመጠችውም። የአገሬ ልጅ ናት ብላ ነበር ይዛት የመጣችው። አገሯ ስንት ቋንቋ እንዳለው ረስታው ኖሯል።

ለንደን ውስጥ ያለ የሐበሻ አውቶቡስ ሹፌር እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ዳኛቸው ወላይትኛ የሚችል ሰው ብሎ ሁለት ሦስት ሹፌሮች ጠየቀ፤ ደቡብ ለንደን፣ ስትሪትሃም የሚኖር ሕዝቅያስ የሚባል ሹፌር ተገኘ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ወይዘሮ ዘውዲም ባሉበት፣ መጣላቸው። በሩን የሚሞላ ትልቅ ሰው ነው፤ ሮማንወርቅ ልጅቷ ትፈራዋለች ብላ ሰጋች። እሱ ግን ሰላም ብሏቸው ካበቃ በኋላ ሶፋው እያለ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ልጅቷን አላያትም። ጫማውን እየፈታ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ በቋንቋው መናገር ጀመረ።

ቃልኪዳን ፊቷን ከግድግዳው አነሳች።

ዞረች። አፉን አየችው። አላለቀሰችም። ቀስ እያለች፣ እየወደቀችና እየተነሳች መጥታ ጉልበቱ ላይ እጇን አስቀመጠች። «ማታ» አለችው።

ሕዝቅያስ ሳቀ። «ታዲያ ስጧት እንጂ!»

«ምኑን?» አለ ዳኛቸው።

«ወተት ነዋ። በእኛ ማታ ወተት ነው። ውኃ ደግሞ ሃታ።»

ዳኛቸው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወይ ጉድ! ወተት ባለች ቁጥር መብራት አጥፍተን ስናስተኛት ነዋ የከረምነው!»

ወይዘሮ ዘውዲ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈራፈሩ። ሮማንወርቅም ሳቀች፤ እየሳቀች ወጥ ቤት ገብታ ወተቱን ስታሞቅ እንባዋ ይወርድ ነበር። ይዛ ስትመለስ ልጅቷ ሕዝቅያስ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ሸሚዙን ጨብጣ አገኘቻት። ልቧን ቅናት ብጤ ነካው። ሰውዬው ሳይገባው አልቀረም፣ ኩባያውን አልቀበልም አለ።

«እህቴ፣ እኔ አሁን ጫማዬን አድርጌ እሄዳለሁ። የምትቀሪው አንቺ ነሽ። አንቺ አጠጫት። ቋንቋውንም አንቺ ነሽ መማር ያለብሽ።»

ተማረች። ሕዝቅያስና ባለቤቱ ድምፃቸውን እየቀዱ ስልኳ ላይ ላኩላት፤ ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ራበሽ ወይ፣ አይዞሽ። ሳህን ስታጥብ ትለዋለች፣ ጋሪ እየገፋች ሆሎዌይ ሮድን ስትወርድ ትለዋለች። መንገዱ ላይ ያለ አንድ ቱርክ አትክልት ሻጭ ለእሱ የምታወራ መስሎት «ምን ልስጥሽ?» ይላት ነበር። እሑድ እሑድ ከሃይበሪ ባቡር ይዘው ብሪክስተን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ስትሪትሃም ይሄዳሉ። ስትሳሳት የሕዝቅያስ ልጆች ይስቁባታል። ቃልኪዳንም ትስቅባታለች፤ ለምን እንደሚሳቅ ሳታውቅ ሆዷን ይዛ። ሮማንወርቅ ልጇ ስትስቅባት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ አላት። ወላይትኛውን ከተናገረች በኋላ አማርኛውን አጠገቡ ታስቀምጣለች፤ ልጅቷም ሁለቱንም ትለቅማለች። ዳኛቸው ግን ምላሱ አልገራ ብሎት በሃታና በማታ ብቻ ቀረ።

ፀደዩ ሲጋመስ የክትባት ቀን ደረሰ። ነርሷ ልጅቷን አጥብቀሽ ያዣት አለቻትና ሮማንወርቅ ክንዷን ያዘችው። መርፌው ገባ። ቃልኪዳን ትንፋሿ ቆሞ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ከዚያ የለቅሶ መዓት ወረደ። ሮማንወርቅ ክሊኒኩ ውስጥ ያለውን ግድግዳ አየችው፤ ወደዚያ ትዞራለች ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ግን ክንዷን አጥብቃ ይዛ ያስወጋቻትን እናቷን አንገቷን አንቃ ያዘቻት፤ ንፍጧን ኮሌታዋ ላይ እየጠረገች፣ በመርፌው ላይ በሁለት ቋንቋ ስሞታ አቀረበችላት። ነርሷ መሀረብ ሰጠች። ሮማንወርቅ ለማን እንደሆነ አልገባትም፤ ለራሷ ተጠቀመችበት።

ሶሻል ወርከሯ ከዚያ በኋላ ስትመጣ ያንን የመላመድ ጥያቄ አልደገመችውም። መስከረም ላይ ዳኛው ጉዲፈቻውን አጸደቁላቸው። ወይዘሮ ዘውዲ ለሠርግ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው ፍርድ ቤት ድረስ መጡ፤ ከዚያም ዳኛቸው ሁሉንም ቱርክ ምግብ ቤት ጋበዘ፤ ቃልኪዳን ከሩዙ የበላችው ግማሹን፣ የበተነችው ግማሹን ነው።

ሮማንወርቅ ግን አንድ ነገር ከልቧ አልወጣ አላት። እኚያ አያት። «በሕይወት አሉ ይሆን?» አለችው ሕዝቅያስን። እሱም ሶዶ ያለ ወንድሙን ላከላት። ወንድሙ ማሳደጊያውን ጠይቆ፣ ገበያ ለገበያ አፈላልጎ አገኛቸው፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋትም ስልኩን ይዞላቸው ቤታቸው ደጃፍ ቆመ።

ምስሉ ይቆራረጣል። እንሰት ታየ፣ ቀጥሎ የአንዲት አሮጊት ግንባር፣ ቀጥሎ ሙሉ ፊታቸው። ቃልኪዳን ሮማንወርቅ ጭን ላይ ሆና ብስኩት ትበላለች። አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሕዝቅያስ ሊያስተረጉም ሮማንወርቅ አጠገብ ተቀምጧል።

ከዚያ አሮጊቷ የሆነ ነገር ጠየቁ። ሕዝቅያስ ወደ አማርኛ ሊመልሰው ሲል ሮማንወርቅ እጇን ክንዱ ላይ አደረገች። ገብቷታል። ትበላለች ወይ ነው ያሉት።

መለሰችላቸው፤ በተሰባበረ፣ በእሑድ በተለቀመ ወላይትኛዋ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትስቃለች፣ እንደ እርስዎ ግንባረ ሰፊ ናት አለቻቸው።

አሮጊቷ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። ተደነቁ፤ ወደኋላ ዞረው ተጣሩ። ጎረቤቶቻቸው ሮጠው መጡ፣ ልጆችም ተከተሉ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ስልኩ ላይ ወደምትታየው የለንደን ሴት ሁሉም ይንጫጩ ጀመር፤ እስቲ ድገሚው፣ እስቲ ድገሚው እያሉ። ሮማንወርቅ ደገመችላቸው። ተሳሳተችና ሳቁባት፤ ቃልኪዳንም ብስኩቷን ይዛ አብራቸው ሳቀች።