ከፈለ የተረጎማት ዴላ

እሁድ ከሰዓት በኋላ በሰገነት ምግብ ቤት መጋረጃው ሁሉ ወርዶ አዳራሹ ጨለምለም ብሏል። የጁባ ሙቀት ያው የጁባ ሙቀት ነው፤ የዚያን ቀን ግን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ከሎሎጎ የመጣ አለ፣ ከጀበል ኩጁር በሞተር ሳይክል ተፈናጥጦ ምግብ ቤቱ ወዳለበት ኮሎሎ የወረደ አለ። ከፈለ ሳምንቱን ሙሉ የጁባን ሐበሻ ጆሮ ሲበላ ከርሟል፦ «ያ ፊልም እንደ አዲስ ተሠራ! ሰማችሁ? እንደ አዲስ!»

ከፈለ ሃምሳን ያለፈ የግንባታ ፎርማን ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ግን ኮልፌ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። ስክሪኑ አጠገብ ቆሞ የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ ያንበለብለዋል። ተርጓሚ ይባል እንጂ እንግሊዝኛው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ማን ያውቅበታል?

ከሁሉም የሚወደው ፊልም ያ ነበር። ሌሮይ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ፣ ረጅም የቆዳ ካፖርቱን ለብሶ፣ በሀርለም ጎዳና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎችንና ጉቦ የጠገቡ ፖሊሶችን አንድ በአንድ ያስተነፍሳል። እስከዚያ ቀን ድረስ የኮልፌ ልጆች ባዩት ፊልም ሁሉ ጥቁሩ ሰውዬ ገና ሳይጀመር ነበር የሚሞተው። ይኸኛው ግን ይመታል፣ ይቀልዳል፣ ያሸንፋል! ከፈለ ያንን ፊልም ሲተረጉም ራሱ ሌሮይ የሆነ ይመስለው ነበር።

የሌሮይ ፍቅረኛ ዴላ ትባላለች፤ ጎፈሬዋ በበር አያስገባም። በከፈለ ትርጉም ዴላ ሌሮይን ለፖሊስ ሸጠችው። ኮልፌ ዴላን ጠላ። በሠፈሩ ደግሞ እንደዚያ ያለ ጎፈሬ የነበራት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ ሰገነት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሟ ዴላ ሆነ። ባለፈች ቁጥር «ዴላ መጣች፣ ወሬ እንዳታወሩ!» ይሏታል። ጓደኞቿ ምስጢር መንገር አቆሙ። በመጨረሻ ጎፈሬዋን ተላጨች።

ከዓመታት በኋላ ጁባ ገብታ ምግብ ቤት የከፈተችው፣ ከፈለ ሥራ ፈትቶ አዲስ አበባ ሲንከራተትም «ና፣ እዚህ ሥራ አለ» ብላ ያስመጣችው ይህችው ሰገነት ናት። ስለዚያ ስም አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። አዳራሹን ስትፈቅድለት ብቻ፣ «እናንተ ደስ ካላችሁ እዩት፤ እኔን ግን ግቢና እዪ እንዳትሉኝ» አለች።

ፊልሙን በላፕቶፕ ያመጣችው ሳሌም ናት፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የምትሠራ ወጣት። «ጋሼ ከፈለ፣ እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፤ ሰዉ አይገባውም» አለችው። ከፈለ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ሸሚዙን አስተካክሎ የፕሮጀክተሩ ምስል የሚያርፍበት ግድግዳ አጠገብ ቆመ። ዛሬ እንግሊዝኛው ሌላ ነው፤ ሃያ ዓመት ከውጭ መሐንዲሶች ጋር ሲጨቃጨቅ የተማረው።

ሙዚቃው ሲጀምር ወንበሮቹ ራሳቸው የተንቀጠቀጡ መሰለ። አዲሱ ሌሮይ ከመኪና ሲወርድ ካፖርቱ ያው ነው! ከፈለ ዕንባው መጣ፤ ሳቀም። «ስሙ እንግዲህ! ‹የሠፈሬን ልጆች የነካ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ› ይላል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መኪና መኪናን ሲያባርር ጋምቤላ ያደገ አንድ የጁባ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ «ያላ! ያላ! ንዳው!» ይላል። ሰገነት ትሪ ይዛ ልታልፍ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ዴላ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። አዛዡ ፖስታ ሰጣት፣ ተቀበለችው። ድሮ ከፈለ እዚህ ጋ ሲደርስ በሙሉ ድምፁ «ሸጠችው!» ብሎ ይጮህ ነበር። ዛሬም አፉን ከፈተ። ጆሮው ግን ሰማ።

ዴላ የምትነግረው አድራሻ የሌሮይ አይደለም። አዛዡን እያሳሳተችው ነው። ሌሮይን ከመሞት ለማዳን ስሟን በገዛ እጇ እያጠፋች ነው።

ያኔም ከፈለ ሳይገባው የሰማው ይህንኑ ንግግር ነበር። የዚያን ጊዜው ካሴት መጨረሻው በማጫወቻው ተበልቶ ስለነበር እውነቱ ሳይታይ ቀርቷል፤ መጨረሻውን የፈጠረው እሱ ነው። አንዲት ልጅ ጎፈሬዋን የተላጨችው በእሱ ምላስ ነው።

«ተርጉም እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሳሌም ቀና ብላ አየችው። እሷ ገብቷታል። ሌላ ግን ማንም አልገባውም። አሁንም «ሸጠችው» ቢል ማን ይከራከረዋል? ሳሌም ብትሆን ታላቋን በሰው ፊት አታዋርድም። በሩ ላይ ሰገነት ፊቷን ወደ ውጪ አዙራለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ታውቀዋለች።

«አቁሚው» አላት ከፈለ ሳሌምን። ምስሉ ቆመ።

«ዴላ አልሸጠችውም» አለ። «እያዳነችው ነው። ያኔም እያዳነችው ነበር። እንግሊዝኛ አልችልም ነበር፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት። ሰግዬ፣ ዋሽቼ ነው። ያ ሁሉ የተባልሽው በእኔ ነው።»

ሰገነት ዞራ አየችው። ከዚያ «በሉ ይቀጥል፣ ሰው አታጉላሉ» አለች።

ከፈለ ቀጠለ፤ አሁን አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አላጎደለም። የአዛዡ ሰዎች በተሳሳተው አድራሻ ባዶ ቤት ሲከቡ ሰዉ ከሳቁ ብዛት ሆዱን ያዘ። ሌሮይ መጋዘን ውስጥ ተከቦ፣ ጥይቱ አልቆ፣ አለቀለት ሲባል፣ ዴላ በጭነት መኪና የብረቱን በር በርግዳ ገባች! ከፈለ መተርጎሙን ረስቶ ዘለለ። ያ የጁባ ልጅ ከወንበሩ ወደቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። መብራት ሲበራ ሁሉም ቆሞ እየጮኸ ነበር።

ከፈለ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ። «ሰግዬ፣ ምን ብዬ...»

«እኔ እኮ ይህን ፊልም አይቼው አላውቅም» አለች ሰገነት። «በዚያ ስም እየጠራችሁኝ እንዴት ብዬ ልግባ? ሁላችሁም ውስጥ ስትስቁ ደጅ ቆሜ እሰማ ነበር።»

ሰገነት ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ መሃል ለመሃል አልፋ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ያዘች።

«ሳሌም፣ ከመጀመሪያው አስጀምሪልኝ» አለች። «አንተም ቁም፣ ተርጉምልኝ።»